አዴራ የወሰደው ጥቅል

ሥራዬ ስቲከር መለጠፍ ነበር። እንዲህ ስል የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ፣ ምን ቸገረኝ። ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከአንድ ግቢ ጀርባ የማር አምራቾች ማኅበር የተከራያት ባለቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ማሩ ከገጠር በባልዲ ይመጣል፤ እናጠልለዋለን፣ በጠርሙስ እንሞላዋለን፣ ክዳኑን እናጠብቃለን። የመጨረሻው እጅ የኔ ነው። ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ፣ አድርቄ፣ ስቲከሩን ከጥቅሉ ልጬ እለጥፋለሁ። ሳይጣመም፣ አየር ሳይቋጥር። ትንሽ ከዘመመ አልወድም፣ ጠርሙሱን መልሼ አጥቤ ሌላ ነው የምለጥፍበት። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች «አቦ አንቺ፣ የሙሽራ ፎቶ ነው እንዴ የምትለጥፊው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ስቲከሩ ላይ የአንድ ሸለቆ ስም አለ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ይህ ስም ያለ ፈቃድ አይለጠፍም ብዬ ሰው የከሰስኩት እኔው ነኝ፤ ዛሬ ተነስቼ እንደፈለግኩ ብበትነው ምን ዓይነት ሰው እሆናለሁ? ከቢዮ አዋሌ በእግር የሚገባበት ሸለቆ ነው፣ ይኼ ይበቃል። ከስሙ በላይ የቁርቁራ ዛፍ ተስሏል፣ ከስሙ በታች «የቁርቁራ ማር» ይላል። ቁርቁራ እሾሃም ዛፍ ነው፤ ፍሬውን ልጆች ይለቅሙታል፣ አበባው የንብ ነው። የዚያ አበባ ማር ወፍራም፣ ቀላ ያለ፣ ሲውጡት ጉሮሮ ላይ ትንሽ የሚቆይ ነው። የቀመሰው ሰው ሌላ ማር ስታቀርብለት ፊቱን ያዞራል።

ስሙ ግን በነፃ አይሰጥም። ማኅበሩ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ቁርቁራ ለከሰል አይቆረጥም። ደግሞ አበባው ባለበት ሰሞን ጫትም ይሁን ሽንኩርት ላይ የተባይ መድኃኒት አይረጭም። ንብ ከተረጨ ቅጠል ላይ ውሃ ቀምሳ ከተመለሰች የምትሞተው እሷ ብቻ አይደለችም፣ ቀፎው በሙሉ ነው የሚያልቀው። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከአዴራ ነው።

አዴራ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። በኛ አፍ የአባት ወንድም አዴራ ይባላል። አባቴ በወጣትነቱ ለባቡር ሥራ ብሎ ከዚያ ሸለቆ ወደ ከተማ ወጥቶ ቀረ፣ እሱ እዚያው ቀረ። እኔን «ኢንተላ» ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው። አንቱ ብዬው አላውቅም። ድሬ ውስጥ አንቱታ ለማናውቀው ሰው ነው፤ የምንወደውን አንተ ነው የምንለው። አባቴ ከሞተ በኋላ ደግሞ ከአባት የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

ድሮ ከሰል ያከስል ነበር፣ አልደብቅም። በአህያ ጭኖ ቀፊራ ገበያ ጥግ ሲያራግፍ እኔ በዚያ በኩል ላለማለፍ መንገድ እቀይር ነበር። ጥቁር እጁን ዘርግቶ ሰው ፊት እንዳይስመኝ ነዋ! አስተግፊሩላህ፣ አሁን ሳስበው እኔ ነበርኩ የማሳፍረው። በስብሰባ፣ በምክር፣ በዛቻም «ዛፍ አትቁረጥ» ሲባል የኖረ ሰው ነው። «እሺ» ይላል፣ ይሄዳል፣ ይቆርጣል። ምን ይብላ?

ማኅበሩ ተቋቁሞ የመጀመሪያው ማር የታሸገ ቀን አዴራ እዚያች ክፍል ውስጥ ነበር። ሦስት ቀፎ ብቻ ነበረው ያኔ። አንዱን ጠርሙስ አንስቶ በሁለት እጁ ያዘና «ምን ይላል?» አለኝ። አነበብኩለት።

«የኛ አገር ስም ነው?»

«አዎ አዴራ፣ የናንተው ነው።»

«ሰው ገዝቶ ሲወስደው ስሙም አብሮ ይሄዳል?»

«የት ይቀራል ታዲያ!»

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየና «እንደገና አንብቢው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማር ይዞ በመጣ ቁጥር አንድ ጠርሙስ አንስቶ «አንብቢልኝ» ይለኛል። በቃሉ ያውቀዋል፤ ግን ከኔ አፍ ሳይሰማ አይሄድም። ሥራ ሲበዛብኝ እነጫነጭ ነበር። «አዴራ፣ ባለፈው ያነበብኩልህ ነው እኮ!» ስለው፣ «ተቀይሮ እንደሆነስ?» ይላል እየሳቀ።

መጥረቢያውን ያኔ ነው የሰቀለው። ማንም አልለመነውም። «አገሬን በስሟ እያስጠራሁ በጎን ዛፏን ከሰል አድርጌ ልሽጥ? አያምርም» አለ፣ በቃ። ቀፎ ጨመረ። በቁርቁራዎቹ ሥር ድንጋይ ደርድሮ አፈሩን ያዘ። ፊቱ ራሱ ተለወጠ። በየስብሰባው የተለመነውን ነገር ለአንዲት ወረቀት ብሎ ሲተው ሳይ ወረቀቷን የምለጥፈው እኔ በመሆኔ ኩራት ተሰማኝ። አዎ ኮራሁ፤ ምን አለበት።

ችግሩ ንብ ድንበር አታውቅም። ከአዴራ መሬት ዝቅ ብሎ ጫት የሚያለማ ጎረቤት አለው። ቀፎ የለውም፣ ማርም አይወድም። አንድ ዓመት ተባይ ወርዶበት ረጨ። የአዴራ ንብ ግማሹ አለቀ። አዴራ ሄዶ ቢለምነው ሰውየው እንዲህ አለው፦ «ስሙ ያለው አንተ ጠርሙስ ላይ ነው። ተባዩ ያለው እኔ ጫት ላይ ነው። እኔ ምን አገባኝ?»

አዴራ ይህን ሲነግረኝ ይናደዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተናደደም። «ልክ ነው እኮ» አለኝ። «እውነቱን ነው፣ ምን አገባው? እዚያ ሸለቆ ቀፎ ያለን ስምንት ሰዎች ብቻ ነን። የሚረጨው አርባ ቤት ነው። አርባው ቤት ካልተባበረን ስምንታችን ከመርጨት ብንጾም ዋጋ የለውም።» ጭንቀቱ ይኼ ነበር። ንቦቹ አንድ ጊዜ ከተረፉ ሁለተኛ እንደማይተርፉ ያውቃል፤ ንቦቹ ካለቁ ደግሞ ወደ መጥረቢያው እንደሚመለስ ያውቃል።

በዚያው ሰሞን ከተማ ውስጥ ሌላ ጉድ ፈላ። ቀፊራ ላይ ስኳር አፍልቶ ማር ብሎ የሚሸጥ ሰው የኛን ስቲከር ለጥፎ ተያዘ። ሰዎች ከባዶ ጠርሙስ እየላጡ ነው የሚሸጡለት። የማኅበሩ ኮሚቴ ተደናገጠ። አዲስ ስቲከር ታተመ፣ ሙጫው ኃይለኛ የሆነ፣ አንዴ ከተለጠፈ ሲነቀል የሚቀደድ። ሙጫውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጥቅሎቹም በኔ ቁልፍ ሥር ሆኑ። «ከጠርሙስ በቀር የትም አይለጠፍም፣ ከዚህ ክፍል አንዲትም አትወጣም፣ አደራሽን» አለኝ ሊቀመንበሩ። እኔ ደግሞ አደራ ሲሉኝ የባሰ እሆናለሁ። ሰው ስቲከሩን በጣቱ ሲነካ እንኳ ዓይኔ ይከተለው ጀመር።

እንዲህ ሆኜ ባለሁበት ነው አዴራ መጥቶ ከፊቴ ቁጭ ብሎ «ኢንተላ፣ አርባ ስቲከር ስጪኝ» ያለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ለምንህ?»

«ለሰው ልሰጥ።»

«ለማን ሰው? ቀፎ ላላቸው?»

«ቀፎ ለሌላቸው።»

ደሜ ፈላ። ቀፎ የሌለው ሰው የማር ስቲከር ምን ያደርግለታል? አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፤ ያ ቀፊራ ላይ የተያዘው ሰው። ምላሴ ደግሞ ከኔ ቀድሞ የሚሮጥ ነው፣ የምታውቀኝ ሁሉ ታውቀዋለች። «አዴራ፣ እኔን ከሥራ ልታስባርረኝ ነው? ሰው ይስቅብኝ? ስኳር ለሚያፈላ ሌባ የገዛ አገርህን ስም ልትሰጥ?» አልኩት። ሴቶቹ ሁሉ ሥራ አቁመው ያዩናል።

«ቆዪ እንጂ፣ ላስረዳሽ» አለ።

«ምንም አታስረዳኝ!»

እኔ የቀትሩ ሰላት፣ ዙሁር፣ ደረሰ ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። በንዴት ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር። ስመለስ አዴራ የለም። አርባ ገደማ የቀረበት አንድ ጥቅል ስቲከርም የለም። ጥቅሉ በነበረበት ቦታ ላይ በትልቅ ሳህን ከነሰፈፉ ያለ ማር ተቀምጧል፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ተሸፍኖ። ከማሩ ሁሉ መርጦ ለራሱ ቤት የሚያስቀረውን ነበር። በወሰደበት ቦታ ነው ያስቀመጠው፣ እንደሚገበያይ ሰው። እኔ ግን እንዲያ አላየሁትም። ጉቦ ነው አልኩ። አፌን በማር ሊዘጋ!

ከሴቶቹ አንዷ «እስቲ ቆዪ፣ መጀመሪያ ሄደሽ ጠይቂው። አጎትሽ አይደል?» አለችኝ።

«አጎቴ ስለሆነ ነው የማልደብቀው!» አልኳት። ጥሩ ንግግር ይመስላል አይደል? ወላሂ ጥሩነት አልነበረም። ዘመዷን ትሸፍናለች እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። በዚያው ከሰዓት ለሊቀመንበሩ ነገርኩት፤ አዴራ ጥቅል ወስዷል፣ ማር ለሌላቸው ሰዎች ሊሰጥ ነው አልኩ። ቀፊራ ያለውንም ነገር ጨመርኩበት። እንደጠረጠርኩ አልነገርኩም፣ እንዳየሁ አድርጌ ነው የነገርኩት።

ኮሚቴው ወዲያው አልተሰበሰበም። ያ ሥራ ይህ ሥራ እየተባለ ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ ሲጠሩት አዴራ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ኮፊያውን አድርጎ መጣ። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ።

«ጥቅሉን ወስደሃል?» አሉት።

«ወስጃለሁ።»

«ሰርቀህ?»

«የአገሬ ስም ነው። ስሜን ከማን እሰርቃለሁ?»

«ስኳር ለሚሸጡት ነው የሰጠኸው ተብሏል።»

«ማን አለ?»

ሊቀመንበሩ በአገጩ ወደኔ አመለከተ። አዴራ ዞሮ አየኝ። ምናልባት አንድ ቃል ቢናገር፣ «አይደለም፣ ዋሽታለች» ቢል፣ ነገሩ ሌላ በሆነ። ግን የወንድሙን ልጅ በሰው ፊት ውሸታም ሊያደርጋት ነው እንዴ? አንገቱን መልሶ «የወንድሜ ልጅ ናት፤ ካለች ያለችው ነው» አለ።

እኔ ይህን እንደ እምነት ቃል ሰማሁት። አያችሁ፣ አመነ ብዬ እንኳ ደስ አለኝ። ማሩ ለዚያ ዓመት እንዳይቀበሉት ተወሰነ፤ ውሳኔውም ስቲከሩ የተሰረቀ መሆኑ ተጽፎ እዚያ በሸለቆው ቀበሌ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ተላከ። አዴራ ሲወጣ በጠረጴዛዬ በኩል አለፈ። አንድ ጠርሙስ አነሳ። «አንብቢልኝ» ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። አላለም፣ በቀስታ መልሶ አስቀመጠው።

የቁርቁራ አበባ ወቅት መጥቶ አለፈ፣ የማር መቁረጫው ደረሰ። ከዚያ ሸለቆ ባልዲ አልመጣም። የአዴራ መቅረት ይገባኛል፤ የሌሎቹስ? ከሌሎቹ ሰባት የቀፎ ባለቤቶች አንዱ ባዶ እጁን መጣና «ማር የለም» አለን።

«እንዴት ማር የለም?»

«ረጩ። ንቡ አለቀ።»

«ማን ነው የረጨው?»

«ሁሉም። ቤት አልቀረም።» እኔን ሳያይ ነው የሚያወራው። «ምክንያቱን አጎትሽን ጠይቂ።»

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ቢዮ አዋሌ ወረድኩ፣ ከዚያ በእግሬ ገባሁ። ጫቱ አረንጓዴ ነው፣ አንድ ቀዳዳ የለውም ቅጠሉ። ሽታው ግን ጉሮሮ ይይዛል።

የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። የቆርቆሮ በር ነው። በዓይን ከፍታ ላይ ስቲከራችን ተለጥፏል። ቁርቁራው፣ ስሙ፣ ማሩ። ሳይጣመም፣ አየር ሳይቋጥር። ሁለተኛው ቤት በር ላይም አለ። ሦስተኛውም። ከአንዱ ቤት በር ወደ ሌላው እንደ እብድ እየዞርኩ አየሁ። ጠርሙስ የለም፣ ስኳር የለም፣ የሚሸጥ ነገር የለም። በር ላይ ብቻ። አንዳንዱ ጠርዙ ተፍቆ፣ ግማሹ ተቀዶ፣ ግን አልተነቀለም። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ያ የታችኛው ጎረቤት፣ ጫት የሚያለማው፣ ደጁ ላይ በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ እያጠበ ነበር። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። በርጩማ ሰጥቶ አስቀመጠኝና፣ በሩን እያሳየሁ «ይኼ ምንድነው?» አልኩት።

«አታውቂም?» አለ። «አዴራሽ ጉዛ ጠራ።»

ጉዛ ማለት ሰፈሩ ተጠርቶ የአንድ ሰው መሬት ላይ በጋራ የሚሠራበት ነው፤ ምሳና ጫቱ የጠሪው ነው። ሰው ጉዛ የሚጠራው ለራሱ መሬት ነው። አዴራ ግን የጠራው ለጎረቤቱ ነበር፤ ንቡን ለፈጀበት ለዚህ ሰው፣ ጎርፍ ያፈረሰበትን እርከን ለመጠገን። ምሳ ላይ ጥቅሉን አውጥቶ መሀል አስቀመጠው።

«እንዲህ አለን» አለ ሰውየው። «‹ይኼ ስም የማር ስም አይደለም። ቀፎ ያለው ስምንት ሰው ብቻ ስሙን ይዞ ሌላው ምን ይሁን? ቀፎ የሌለውም የዚህ አገር ሰው ነው። በሩ ላይ የለጠፈ ስሙ የሱም ነው። ስሙ የሱ ከሆነ ደግሞ አበባ ባለበት አይረጭም። ተባይ ከበላበት ከማራችን እናካፍለዋለን።› ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ፣ አሚን አልን፣ እየተነሳን ወሰድን። አርባ ቤት።»

«ተባዩስ?»

«መጣ። ወላሂ መጣ። ዛሬ ልርጭ፣ ነገ ልርጭ እያልኩ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር በሬ ላይ አየዋለሁ። የኔ በር ነው እኮ። አልረጨሁም። ማንም አልረጨም።» መርጫውን ገለበጠው፣ ውሃው ፈሰሰ። «ከዚያ ቀበሌ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ስቲከሩ የተሰረቀ ነው ይላል። ተጣላን፣ ተመካከርን። ዱዓችን የተሰረቀ ነገር ላይ ነው የተደረገው አልን። በሐራም ነገር ላይ ዱዓ ይቆማል? አይቆምም። ቃሉ ፈረሰ ማለት ነው። አበባው ሙሉ ነበር፤ ረጨን።»

«ስቲከሩን ለምን ተዋችሁት?»

«አይነቀልማ! ሞከርን፣ ይቀደዳል እንጂ አይለቅም።»

ያንን ሙጫ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«አልሰረቀም» አልኩት። «ላስረዳሽ ሲለኝ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ላላየሁት ነገር አየሁ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሰውየው እርጥብ እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

«እኔን ውሸታም ላለማለት።»

አንገቱን ደፋ። «እኛ ደግሞ ሌባ አልነው» አለ። ከዚያ ወደ መርጫው ተመለሰ፣ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አዴራን ያገኘሁት ቀፎዎቹ ዘንድ ነው። አራግፏቸው፣ ጠርጓቸው፣ ግንብ ጥግ አሰልፏቸዋል። ሲያየኝ «ኢንተላ! በዚህ ፀሐይ?» ብሎ ውሃ ሊያመጣልኝ ተነሳ። እግሩ ላይ ወደቅኩ። «አፉ በለኝ አዴራ፣ አፉ በለኝ!» እያልኩ አለቀስኩ፤ እንደዚያ ያለቀስኩት አባቴ ሲሞት ብቻ ነው።

«አፉ ብያለሁ፣ ድሮ። ተነሺ» አለኝ። ክንዴን ይዞ አነሳኝ፣ ውሃውን አጠጣኝ። ከቤቱ በላይ አንድ የተቆረጠ ቁርቁራ አየሁ፣ ጉቶው ገና ትኩስ ነው። ዓይኔን ተከትሎ አየ።

«አንድ ቆርጫለሁ» አለ። «አልዋሽሽም። ምን እንብላ?»

በሩን አየሁት። ባዶ ነው።

«ያንተስ ስቲከር?»

«አለቀ። ጉዛው ቀን አዲስ ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት መጡ፣ አላሰብኳቸውም ነበር። ጥቅሉ ቢያልቅብኝ የኔን ለነሱ ሰጠኋቸው።» ከዚያ ደግሞ በተስፋ ይሁን በቀልድ አላውቅም፣ «ይዘሽ መጥተሽ ይሆን?» አለኝ።

አልያዝኩም ነበር። ከክፍሉ አንዲት እንዳትወጣ የምጠብቅ ሰው ከየት አምጥቼ እይዛለሁ?

ለኮሚቴው እነግራለሁ ስለው እጁን አወናጨፈ። «ለነሱ በኋላ። መጀመሪያ ለበሮቹ ንገሪ።» ስለዚህ ያን ቀን አርባውንም ቤት ዞርኩ። በእያንዳንዱ በር ላይ ቆሜ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ ያደረግኩትን ተናገርኩ። አንዳንዱ ሰማኝ፣ አንዳንዱ በሩን ዘጋብኝ። አንዲት አሮጊት «ንቡን ትመልሺዋለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አልመልሰውም። የሚቀጥለው አበባ ሲመጣ አይረጩም ወይ ብትሉኝ አላውቅም። ማንም ቃል አልሰጠኝም፣ እኔም ቃል የምጠይቅበት አፍ አልነበረኝም።

ኮሚቴው ፊት ቆሜም ተናገርኩ። ውሳኔው ተነሳ፣ አዴራ ንጹሕ መሆኑ ተጽፎ እዚያው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፣ ማሩን እንደሚቀበሉም ገለጹ። ማሩን! «አንድ ስቲከር ለበሩ ልውሰድለት» ስላቸው ግን ተከራከሩ። ደንቡ ጠርሙስ ላይ ብቻ ይላል፣ በር ላይ አይልም አሉ። ሲከራከሩ ሰማኋቸውና ተነስቼ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። በዓይናቸው እያዩኝ ከጥቅሉ አንዷን ከነጀርባ ወረቀቷ ቀድጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቁልፉን እፊታቸው አስቀምጬ፣ ሥራዬንም ትቼ ወጣሁ።

አዴራ በሩን አጥቦ ጠበቀኝ። ያሳየኝ ቦታ ላይ ቆርቆሮውን በጨርቅ ወልውዬ አደረቅኩት። እንደለመድኩት ከላይ ጀምሬ በመዳፌ እየተጫንኩ ለጠፍኩ። ሳይጣመም፣ አየር ሳይቋጥር። እሱ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄዶ፣ ኮፊያውን አስተካክሎ አየው።

«አንብቢልኝ» አለ።

የሸለቆውን ስም አልኩ። የቁርቁራ አልኩ። ማር የምትለው ላይ ስደርስ አልወጣልኝ አለ።

እሱ ጨረሰልኝ።